ሙሾ ያስወረደች ዶቅዶቄ

ሰው ሚስቱን በመጠጥ ያጣል፣ በቅናት ያጣል፣ በረዥም ምላሱም ያጣል። እኔ በዳዶ ነው ያጣኋት። ዳዶ ስላችሁ ያው ቡሎን ጫፍ ላይ የምትጠመዘዘዋን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጠዋን ብረት ማለቴ ነው። እርግጥ ጥፋቱን ለዳዶዋ ብቻ ማሸከም ግፍ ነው። ከዳዶዋ በፊት ዶቅዶቄዋ ነበረች፤ ከዶቅዶቄዋም በፊት የኔ ጭንቅላት ነበረ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከጭንቅላቴ ልጀምር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ዲላ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ የሰውን ጠብ በቁጥር መደርደር ነው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከብዕርና ከእስፒል የከበደ ብረት ጨብጬ አላውቅም። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ላይ «ምን ነካህ?» እንዳትሉኝ ነው፤ ምንም አልነካኝም፣ ችግሩም ይኸው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት ብቻ የነካ ሰው አንድ ቀን ብረት ያምረዋል።

አንድ ቀን ዳኛው የወሰን ክርክር ቦታው ድረስ ሄደው ሊያዩ ጪጩ መንደር ሲወጡ መዝገብ ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ዳኛውና ተከራካሪዎቹ ከእንሰት እንሰት እየቆጠሩ ሲጨቃጨቁ፣ እኔ ጥላ ፍለጋ ጥቂት ገባ ብል አንዲት ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች። የተቀመጠችው ዶቅዶቄ ላይ ነው። ዝገት በዝገት የሆነች፣ ጎማዋን ምስጥ የጨረሰው የጣሊያን ዶቅዶቄ።

«ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎ ሄደ» አሉኝ ባለማሳው ሽማግሌ። «ለዶሮ ጥሩ ነው። ሸለምጥማጥ አይደርስባትም።»

በካፖርቴ ለወጥኳት። ካፖርቱን ከአዲስ አበባ ስመጣ «ደቡብ ብርድ ነው» ብሎ ያታለለኝ ሰው ነበር የሸጠልኝ። ሽማግሌው ካፖርቱን እዚያው ለበሱት፤ ላባቸው እየተንቆረቆረም ቢሆን አላወለቁትም። አንድ ነገር ብቻ አጠበቁብኝ፦ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ዶሮዋን ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ዶሮዋን «እንዴት ነሽ?» እላት ነበር። ባለቤቴን አስካለን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት እንደማላውቅ የነገረችኝ ራሷ አስካለ ናት።

ዶቅዶቄዋ በአህያ ጋሪ ቤት ገባች። ገብታ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ፈታኋት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ነውና ተረቱ፣ መፍታት እንዲህ ቀላል ከሆነ መግጠሙ ምን ይከብዳል አልኩ። እንደ ለመድኩት ለእያንዳንዱ ብረት የመዝገብ ቁጥር በቀለም ጻፍኩበት፤ የብረቶቹን ዝርዝርም በሁለት ቅጂ አዘጋጀሁ። ከዚያ ብረቶቹን ዝገታቸው እንዲለቅ ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። በማግሥቱ ዝገቱ እንዳለ ነው፤ ቁጥሩ ግን ጥርግ ብሎ ጠፍቷል። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ እጄ ላይ ቀረ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ቆርቆሮው ወንፊት። የማያፈሰው ከአልጋው በላይ ያለው ብቻ ስለነበር ሞተሩን አልጋው ላይ አወጣሁት። አስካለ በግድግዳ በኩል፣ እኔ በዳር፣ ሞተሩ በመሃል ሆነን አንድ ክረምት ተኛን። ሴትዮዋ ታጋሽ ነበረች፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እግዜርም አይወደው። አንድ ቀን ብቻ «ከሁለታችን ለማን ነው ጀርባህን የምትሰጠው?» ብላኛለች። አስቤበት ልመልስላት ስል መሸ።

መግጠሙ እንቢ ሲለኝ በራሶን አስጠራሁ። በራሶ የአሪቻ ሰው ነው፤ የቡና መፈልፈያና የእህል ወፍጮ እየጠገነ ከይርጋ ጨፌ እስከ ዲላ የሚዞር፣ በእጁ የያዛት የቡሎን መፍቻ ቺያቬ ከራሱ ጋር የተወለደች የምትመስል ጌዴኦ። ዶቅዶቄ ግን ነክቶ አያውቅም። ሞተሩን አልጋው ላይ አገኘውና እንደ በሽተኛ ጆሮውን ለጠፈበት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አልሞተችም» አለኝ። «ተኝቷል ብቻ ነው።»

«አልጋ ላይ እያዋልከው ምን ያድርግ» አለች አስካለ ከጓዳ።

በራሶ አንድ ምክር ሰጠኝ። «ዳዶ ውሃ አትወድም። ደረቅ ቦታ አስቀምጠው።» በነሐሴ ዲላ ውስጥ ደረቅ ቦታ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱን ዞሬ ዞሬ አንድ ብቻ አገኘሁ፦ የአስካለ የሽሮ ጣሳ። ክዳኑ ግጥም ያለ ነው። ዳዶዎቹን እዚያ ውስጥ ቀበርኳቸው፤ በውሳኔዬም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት አማቼ ባላምባራስ ከወናጎ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ባላምባራስ የተከበሩ፣ ቡናቸው ብዙ፣ የፊት ጥርሳቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። አስካለ ሽሮ አቀረበች። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባላምባራስ ማኘካቸውን አቆሙ። ሁለት ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሰደው መጀመሪያ ዳዶ አወጡ፤ ቀጥለው ጥርስ አወጡ።

«ልጄ» አሉ ወደ አስካለ ዞረው፣ «ይህች ሽሮ ጥርስ አላት።»

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው መሬት ይወድቃል፣ እግር ይስማል፣ ውሃ ያቀርባል። እኔ ግን ዳዶዋን አወቅኋት። የካርቡራቶሩ ናት! አሥር ቀን የፈለግኋት፣ ሌላው ሁሉ ከሽሮው ሲወጣ እሷ ብቻ የጠፋችብኝ። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁና «አባባ፣ ጥርሱ የርስዎ ነው፣ ይያዙት፤ ዳዶዋን ግን ለኔ ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

አስካለ ተነሳች። ልብሷን አጣጠፈች፤ ጃንጥላዋን አነሳች። ከመውጣቷ በፊት ወደ አልጋው ሄዳ ሞተሩን በኔ ብርድ ልብስ እስከ አንገቱ ሸፈነችው። «እንዳይበርደው» አለችና አባቷን ተከትላ ወናጎ ሄደች። ባላምባራስ ጥርሱንም ዳዶዋንም በአንድ መሐረብ ቋጥረው ይዘዋቸው ሄዱ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዬ ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እየዞሩ በጥሩንባ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ተሰማ ሁለት ጊዜ ወናጎ ወጥተው ሁለት ጊዜ መሐረቡን ብቻ አይተው ተመለሱ። በሦስተኛው ይህን ይዘው መጡ፦

«ባላምባራስ እንዲህ ብለዋል። ‹ያችን ቁራጭ ብረት በራሷ እግር እየነዳ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ካቆማት፣ እብደቱ ፍሬ አፍርቷል እላለሁ፤ ሚስቱን ይውሰድ። ካልሆነ ሰኞ ፍርድ ቤት እንገናኝ።› ልጄ፣ እኔ ብሆን ብረቱን ገደል ጥዬ በእግሬ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።»

«እሱን ይቀበሉ ይሆን?» አልኳቸው።

«እሱንም ጠይቄያቸው ነበር» አሉ። «‹እግሬ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም፤ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም› ብለዋል።»

እንግዲህ አስቡት። ሰኞ ፍርድ ቤት ማለት እኮ የፍቺው ማመልከቻ የሚቀርበው ለመዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ። የራሴን ፍቺ ተቀብዬ፣ ማኅተም መትቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው ነው። አስካለ ከሄደች በኋላ ነው አልጋው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያወቅኩት፤ ሞተሩን አውርጄው መሬት ላይ እያፈሰሰበት ተውኩት፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም። ናፈቀችኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

በራሶን እንደገና አስጠራሁት። ሥራችንን ጀመርን። ሰንሰለቷ ስላልነበረ በራሶ የቡና መፈልፈያ ቺንጋ፣ ያን የላስቲክ ቀበቶ፣ አስገባላት። የዳዶዋንም ምትክ ራሱ ሞርዶ ሠራ። ጎማ ከአንድ ሾፌር ለመንኩ፤ ከፊተኛው የኋለኛው ስለሚበልጥ ሁልጊዜ ቁልቁለት የምትወርድ ትመስላለች። መቀመጫዋ በስብሶ አልቋልና የበቅሎ ኮርቻ ከነመርገፉ አሰርንላት። ይህ እንኳ የኔ ሐሳብ ነው፤ በቀይ መርገፍ ያጌጠች ዶቅዶቄ በጠቅላይ ግዛቱ የለችም።

የቀረን የጢስ መውጫው ነበር። የድሮው በስብሶ እንደ ብስኩት ተሰባብሯል።

«ጢስ ጠባብ ገብታ ሰፊ ውስጥ መውጣት ይፈልጋል» አለኝ በራሶ። «አንድ ጫፉ ቀጭን፣ አንድ ጫፉ ሰፊ ቱቦ አምጣ።»

ሦስት ቀን ከተማውን ዞርኩ። ማንቆርቆሪያ ሞከርኩ፣ የላምባ ማጥለያ ሞከርኩ፤ ሁለቱም ቀለጡ። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ቤት የሽምግልናውን ወሬ ልጠይቅ ገብቼ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት። እድሩ አዲስ ጥሩንባ ገዝቶላቸው አሮጌው ጡረታ ወጥቷል። አንድ ጫፉ ቀጭን፣ አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ከደህና ነሐስ የተሠራ።

«ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ።

«ለጢስ» አልኳቸው፣ እውነቴን። የሚያጥን ሰው መስያቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ባርከው ሰጡኝ።

በራሶ የገጠር ሰው ነው፤ የእድር ጥሩንባ አያውቅም፤ ለሱ ቱቦ ቱቦ ነው። እኔ ግን አውቃለሁ። ያን ነገር ሰምቼ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ ዘልዬ ተነስቻለሁ! ታዲያ ብትደበድቡኝም ልንገራችሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። እንዳይረዝም ብለን አፉን ወደ ፊትና ወደ ላይ አዙረን ገጠምነው። ግቢ ውስጥ ስናስነሳት ደከም ያለ የጥጃ ድምፅ አሰማች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። በራሶና እኔ ተቃቀፍን።

«ፍሬኑስ?» አልኩት።

«ወፍጮ ፍሬን አላት እንዴ?» አለኝ ተገርሞ። «እህል ሲያልቅ ይቆማል።»

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ፊቴን ተላጭቼ፣ ኮርቻው ላይ ወጣሁ። በራሶ ገፋኝ፤ ተነሳች። ከዲላ ወናጎ ዳገት ነው። ዳገቱ እስኪጀምር ጥጃዋ ጥጃ ነበረች። ልክ ሽቅብ ስትል፣ ሞተሩ ሲጨነቅ፣ ጢሱ በኃይል ሲወጣ፣ ጥሩንባው የጥንት ሥራውን አስታወሰ። «ቡኡኡኡ!» አለ። ሃያ ዓመት የዲላን ሙታን ያረዳው ያ ድምፅ፣ ያው ራሱ፣ ለዚያውም ትንፋሽ የማያስፈልገው ሆኖ። ጋሽ ተሰማ እንኳ በየመሃሉ ያርፉ ነበር።

አገሬውን ታውቁታላችሁ። ጥሩንባ ሰምቶ ያልተነሳ ሰው የሱ ቀን ሲደርስ ማንም አይነሳለትም። ባለሱቁ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ወጡ። ለገበያ ቡና የተሸከሙት ሸክማቸውን አወረዱ። የጴንጤዎቹ መዘምራን ልምምዳቸውን አቋርጠው በመዝሙር ወደ መንገድ ወጡ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔ ደግሞ ላቆም አልችልም፤ ቤንዚኑ ገና ሙሉ ነው። የጥሩንባው አፍ ወደ ፊቴ ስለሆነ ጢሱ ፊቴን አጥቁሮት ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጥላሸት ለብሼ፣ በቀይ መርገፍ መሃል እንባዬን እያፈሰስኩ ሳልፍ ሕዝቡ ጎንበስ ይልልኛል። እኔ ጅሉ ዶቅዶቄዋን አድንቀው መስሎኝ ጎንበስ እያልኩ እመልሳለሁ።

«ወዴት ነው ጌታው?» ብሎ አንዱ ጎኔ ጎኔ ሮጠ።

«ባላምባራስ ደጅ!» አልኩት። እውነት ነው፣ ወዴት ልል ኖሯል?

ሰውየው ራሱን ያዘና ቆመ። «እኔን! ባላምባራስ!» ሲል ከኋላዬ ሰማሁ። እሪታው ከዚያ ወዲያ እንደ ሰደድ ከመንደር መንደር ቀደመኝ።

ዲላ ላይ ጋሽ ተሰማ የአሮጌ ጥሩንባቸውን ድምፅ ሰምተው «ሳልታዘዝ ማን ሞተ?» ብለው በቁምጣ ተነስተዋል አሉ። የባላምባራስን ስም ሲሰሙ አላመነቱም። እድርተኛውን፣ ድንኳኑንና ትልልቁን ድስት በቡና ጭነት መኪና ላይ አሳፍረው፣ አዲሱን ጥሩንባ ከመኪናው ላይ እየነፉ ተከተሉኝ። ፊት እኔ፣ ኋላ እሳቸው። ተጠራጥሮ የነበረ ሰው ካለ ሁለተኛውን ጥሩንባ ሲሰማ አመነ።

ወናጎ ስደርስ ባላምባራስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቁርስ እየበሉ ነው። እኔ በክፍቱ በር ገባሁ፤ ግቢው ውስጥ ለፀሐይ የተሰጣውን ቡና እስከ ግማሹ አረስኩት፤ ጎማዬ ተቀበረ፤ ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። ጸጥ አለ። በድል አድራጊነት አፌን ከፍቼ «አባባ፣ ይኸው በራሷ…» ስል፣ ከኋላዬ አገር ገባ።

ለቀስተኛው ባላምባራስን ሲያይ ያቆማል ብላችሁ ይሆናል። ፊተኞቹ አይተዋቸዋል፤ ኋለኞቹ ግን ከአጥር ውጭ ናቸው፤ እየገፉ ይመጣሉ። አብራ የመጣችው አልቃሽ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ነው ሙሾውን የምታወርደው፦

የደጁ ዋርካ ነው የወደቀው ዛሬ፣
ማን ያስታርቀናል እንግዲህ ባገሬ?

ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ተቀበላት። አንዱ «የይቅርታ አባት!» ይላል። ሌላው «ቂም የማያውቁ፣ የተጣላ ሳያስታርቁ እህል የማይቀምሱ!» ይላል። ጋሽ ተሰማ ከመኪናው ላይ «ድንኳኑን በዚህ በኩል!» ብለው ካዘዙ በኋላ ነው ሟቹ እንጀራ በእጃቸው ይዘው መቀመጣቸውን ያዩት። ጥሩንባው ከአፋቸው ወደቀ።

ባላምባራስ ተነሱ። ይቆጣሉ፣ ያስገርፉኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሰውዬው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «እስቲ ቀጥይ» አሏት አልቃሿን። ሴትዮዋ ግራ ገባት፤ ግን ባላምባራስ አዘዋልና ቀጠለች። የራሳቸውን ልቅሶ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አንድ ቦታ ላይ የአባታቸው ስም ሲዘለል አርመዋታል። ሲያልቅ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ እንኳ በዱላ ነበር የሚገባህ» አሉኝ። «ግን ይህ ሁሉ ሰው ይቅር ባይ ብሎኛል። በሕይወቴ ሳለሁ እንዴት ላሳፍረው?» ከኪሳቸው መሐረቡን አውጥተው ፈቱት፤ ጥርሱን አስቀርተው ዳዶዋን እጄ ላይ አኖሩልኝ። «ደግሞም ነድተህ አምጥተሃታል። ልጄ ከፈቀደች ውሰዳት።»

አስካለ ከደጃፉ ቆማ ነበር። ጥሩንባውን ሰምታ «ባሌ በዚያ ብረት ሞተ፣ ሊያረዱኝ መጡ» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጥታለች፤ አርጂው ራሱ ሟቹ ሆኖ አገኘችው። ዓይኗ አብጧል። መጣችና በነጠላዋ ጫፍ ጥላሸቱን ከፊቴ ላይ ጠረገችው፤ እኔ መሆኔን ልታረጋግጥ ይመስለኛል።

«ማንም ካልሞተ አንተ ምን ያስለቅስሃል?» አለችኝ።

ጢሱ ነው ልላት ነበር። ግን በዚያ ቅጽበት ጢሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። «ቤቱ እንቢ አለኝ፣ አስካለ» አልኳት። «ሽሮ ጣሳውን አጥቤዋለሁ።»

ለተሰበሰበው ሕዝብ በመጣው ድስት ምሳ ተሠራ፣ ተበላ፣ ባላምባራስም ተመረቁ። ስንወጣ አስካለ ቁርጡን ተናገረች። «እዚያ ነገር ላይ አልወጣም። እኔ በእግሬ ነኝ። አንተ ንዳት።» በአገሬው ፊት እየነዱ መመለስ ምን ያህል እንዳማረኝ እግዜር ነው የሚያውቀው። ሞተሩን አላስነሳሁም። ዶቅዶቄዋን እየገፋሁ ጎኗ ሆኜ በእግሬ ሄድኩ።

ጥቂት እንደሄድን ጫማዋ ነከሳት። ኮርቻውን አየችው፤ መርገፉን ዳበሰችው። «ሞተሩን እንዳትነካ እንጂ ብቀመጥስ» አለች። ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች። እኔ እየገፋሁ፣ እሷ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ፣ ዳገቱ አናት ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ወደ ዲላ ቁልቁለት ነው።

«እስቲ ልቀቃት» አለችኝ።

«አስካለ፣ ፍሬን እኮ…»

በእግሯ መሬቱን ገፋችና ሄደች። ያን ክረምት ሙሉ እንድትሄድ የለመንኳትን ዶቅዶቄ እንድትቆም እየለመንኩ ተከትዬ ሮጥኩ። ጃንጥላው ወደ ላይ ተገለበጠ። ጩኸት ሰማሁ፤ ቀረብ ስል ጩኸት ሳይሆን ሳቅ ነው። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ከመንገድ ወጣች፣ ቦይ ዘለለች፣ የሰው እንሰት ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ስደርስ የተሰበረ የእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታራግፋለች። አንድ ጫማዋ የለም። እያለከለክሁ አጠገቧ ቆምኩ።

«ምን ትገተራለህ?» አለችኝ። «ወደ ዳገቱ መልሰህ ግፋት እንጂ!»